አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ

ባለቤቴ ያለችኝ «አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ» ነው። ይህን አልክድም። በሩ ላይ ቆማ፣ ለአራሷ ልጃችን የምትወስደውን የአጥሚት ፔርሙስ በብብቷ ሸጉጣ፣ ጣቷን ወደ ስፌት መኪናዋ ቀስራ፣ «አንድ ጠብታ፣ እዚህች ቀዳዳ ላይ። ሌላ ነገር እንዳትነካ። ሰምተሃል?» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ለዕድሜዬ ደኅና ነው። የኔ ችግር የሚጀምረው ከጆሮ በታች ነው፤ እጄ ጋ ሲደርስ ይብሳል።

መኪናዋ የአማቴ ነበረች። አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባቡሩ ገና በአቃቂ እያፏጨ በሚያልፍበት ዘመን፣ ጣቢያው አጠገብ ትኖር የነበረች አንዲት የግሪክ ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ነው ከሷ ላይ የገዛቻት። ጥቁር ናት፣ ወገበ ቀጭን፣ በእግር የምትረገጥ። ደረቷ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ነበራት፤ አሁን አበባው እንደ እኔ ፀጉር ዳር ዳሩን ብቻ ነው የቀረው። የታችኛውን ክር የምታመላልሰው እቃዋ ዛሬ ገበያ ላይ እንዳሉት መኪናዎች ክብ አይደለችም። ጣት የምታክል፣ ፊቷ የሾለ፣ ሆዷ ባዶ የሆነ ብረት ናት። ባለቤቴ «ጀልባዋ» ትላታለች። ክር የተጠቀለለባት ቀጭን ቦቢን ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ትተኛለች፤ ክሩ በጀልባዋ ጎን ካለች ስስ ሞላ ሥር ሾልኮ ይወጣል፤ ጀልባዋም ወዲያና ወዲህ እያለች የታቹን ክር ከላዩ ጋር ታጋባለች። ይኸው ነው። ለማውራት ይህን ያህል ቀላል ነው።

በዚህች መኪና ያልተሰፋ ልብስ ለብሶ ክርስትና የተነሣ ሰው በቤታችን የለም። ባለቤቴ ራሷ፣ እኅት ወንድሞቿ፣ ከዚያ ልጆቻችን፣ ከዚያ የልጅ ልጆቻችን። በተውሶ ልብስ ክርስትና የተነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለቤቴ ጠባዬ በከፋ ቁጥር ሰበቡን እዚያ ነው የምትፈልገው። አሁን ደግሞ ገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የመጨረሻ ልጃችን ሴት ወልዳ፣ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ደረሰ። እሑድ ክርስትና ልትነሣ ነው። ባለቤቴ ነጩን ጨርቅ ገዝታ፣ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቆርጣ ትሪ ላይ አስቀምጣለች። የቀረው መስፋት ብቻ ነው።

ያኛዋ አያት፣ የአማቻችን እናት ማለቴ ነው፣ ነገሩን ሰምታ «ምን አስለፋሽ እቴ? ጣቶችሽም ያሙሻል። እኔ መርካቶ ዳንቴሉ ሦስት ደርብ የሆነ አግኝቼ ገዝቻለሁ። እስከ ቅዳሜ ካልደረሰልሽ እሱን እናለብሳታለን» አለቻት።

ባለቤቴ ፈገግ አለች። ከገላን ተነሥተን አቃቂ እስክንወርድ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር። እሷን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስፈራ ነገር ነው። ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ሲከፋት ግን ፈገግ ትላለች። ቤት እንደገባን ነጠላዋን ሳታወልቅ «የእናቴን እጅ በሦስት ደርብ ዳንቴል ልትለውጥልኝ ነው?» አለች። ለኔ አልነበረም፤ ለግድግዳው ነበር።

ጣቶቿን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ በእጅ መርፌ መስፋት አትችልም። መኪናዋ ግን በእግር ነው የምትሄደው፤ እግሯ ደግሞ ደኅና ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያረፈው መኪናዋ ላይ ነበር። መኪናዋ ላይ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ልብ በሉ፣ እኔ ዝም ብዬ የምነካካ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል መካኒክነት ነው። በር የሚያክል የሽመና መኪና ሲቆም የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ማጉን በድሩ መሀል የሚያመላልሰው መወርወሪያ፣ ክንድ የሚያክል እንጨት ጫፍና ጫፉ ብረት የሆነ፣ ከመኪናው አምልጦ በጆሮዬ ሥር ሲያልፍ የሰማሁ ሰው ነኝ። ታዲያ ጣት የምታክል ጀልባ ልትከብደኝ ነው? እንዲያውም አዲስ ለሚገቡ ሠራተኞች የምነግራቸው አንድ ሕግ ነበረኝ፦ «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንኩ። ሁለት ነገር ነክታችሁ መኪናው ቢሠራ፣ የትኛው እንዳሠራው ሳታውቁ ትሞታላችሁ።» ይህን ስደጋግም ስለምውል ምሳ ሰዓት ላይ ድምፄን አስመስለው ይስቁብኝ ነበር። ሾርባውን እየጠጡ፣ «አንድ ጊዜ አንድ ማንኪያ ብቻ!» እያሉ።

ዘይቷን ጠብ አደረግኩ። እስከዚህ ድረስ ታዛዥ ባል ነበርኩ። ከዚያ የጀልባዋን መክደኛ ብረት ሳብ አድርጌ ወደ ውስጥ አጮለቅኩ። ማጮለቅ መንካት አይደለም። ውስጡ የክር ብናኝ፣ የደረቀ ዘይት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የተሰበረ መርፌ ጫፍ ነበር። ታዲያ ይህን አይቶ ዝም የሚል ምን ዓይነት መካኒክ ነው? ካቻቢቴ አመጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ፒንሳው መጣ። ቀጥሎ ነጭ ጋዝ በጣሳ፣ ቀጥሎ የድሮ የጥርስ ብሩሼ፤ ጥርሶቹ ሄደው ብሩሹ ቀርቷል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የአማቴ መኪና ሌላ ትሪ ላይ ተዘርግታ ነበር።

ጀልባዋን በነጭ ጋዝ ሳጥብ፣ ከሞላዋ ሥር ቡናማ፣ ሙጫ የሚመስል፣ ክር ክር የሚል ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። በመርፌ ፈልፍዬ አወጣሁት። በጣቴ አሸሁት። «ይኸው!» አልኩ ለራሴ፤ «ይህን ጉድፍ ተሸክማ ነው እስከ ዛሬ የኖረችው።» በመስኮት ወረወርኩት። በጣም ደስ አለኝ። ሰው ጥፋት ሲያጠፋ ለምን እንደዚያ ደስ እንደሚለው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

መልሼ ገጠምኳት። ተርፎ የቀረ ብሎን አልነበረም፤ ይህ በኔ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። አሮጌ ካኒቴራዬን ከሥሯ አስገብቼ ረገጥኩ። አቤት አረማመድ! እንዲህ ለስላሳ ድምፅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም። ጨርቁን ስቤ ሳየው ግን፣ የታችኛው ክር ሥራውን ትቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ቀለበት ቀለበት ሆኖ ጨርቁ ላይ ተከምሯል። ስፌት አይደለም የሠራሁት፣ የበግ ለምድ ነው።

ይህማ ግልጽ ነው፣ የታቹ ክር ልል ነው፣ ሞላዋ አልያዘችውም አልኩ። የጀልባዋን ብሎን በስሱ አጠበቅኩ። አሁን ክሩ ተበጠሰ። አላላሁ፤ ፈሰሰ። አጠበቅኩ፤ ተበጠሰ። ከመፍሰስና ከመበጠስ መሀል አንድ ቦታ መኖር አለበት፤ የትኛውም ማሽን መሀል አለው። ይህች ግን መሀል አልነበራትም። ወይ ትፈሳለች ወይ ትበጠሳለች። እንደ አንዳንድ ዘመዶቼ።

ከዚያ በኋላ ሕጌን ረሳሁ። የላዩን ክር ማጥበቂያ ነካሁ። መርፌውን አወጣሁ፤ በየት በኩል እንደነበረ ጠፋኝ፤ በአንድ በኩል ከተትኩት፤ እምቢ ሲል በሌላ በኩል። ክሩን ቀየርኩ። ወደ ቃሊቲ የሚያልፈው የኮንቴይነር መኪና ቤቱን ሲያንቀጠቅጠው፣ ምናልባት ጀልባዋን የሚያናጋት እሱ ይሆናል ብዬ ወለሉ እስኪረጋ እየጠበቅኩ መርገጥ ጀመርኩ። ሰው ግራ ሲገባው የማይጠረጥረው ነገር የለም። በመጨረሻማ የግሪኳን ሴትዮ ጠርጥሬያለሁ፤ እያወቀች ነው የሸጠችው ብዬ።

የበሩ ድምፅ ሲሰማ ጋቢዬን አንሥቼ መኪናዋ ላይ ጣልኩባት።

«ምነው ሸፈንካት?» አለች ባለቤቴ ፔርሙሱን እያስቀመጠች።

«ዘይቱ እንዲሰርግ ነው። እስከ ነገ መነካት የለባትም።»

«አንድ ጠብታ ዘይት ነው ወይስ ጠላ ነው የጠነሰስከው?»

«የድሮ ብረት እኮ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው።»

እጄን አየችው። ጥፍሮቼ ሥር ያለውን ጥቁር አየችው። ደክሟት ነበር፤ ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ሕፃን ስታባብል ነው የምትውለው። «ነገ ሌላው አይቀርም፣ እጅጌውን እጀምራለሁ» ብላ ገብታ ተኛች። እኔ ጋቢ የለበሰች መኪና አጠገብ ቀረሁ። ከሩቅ ስትታይ አማቴን ትመስል ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴ ወደ ገላን ስትሄድ፣ ጀልባዋን ከነቦቢኗ በመሀረብ ጠቅልዬ ሳሪስ አቦ ሄድኩ። ገበያው ዳር ልብስ የሚያጠብና የሚያሳጥር አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጎልማሳ ነው፣ መኪናው ኤሌክትሪክ ነው። መሀረቡን ስፈታ ሱሪ መስፋቱን አቁሞ ጎንበስ አለ።

«ፋዘር፣ ይሄ ምንድን ነው? የጥይት ቀልሃ ነው?»

«የስፌት መኪና እቃ ነው እንጂ።»

ሹል አፏንና ሆዷን አገላብጦ አየ። «ጀልባ እኮ ነው! የማን መኪና ነው፣ የኖኅ?»

«የአማቴ።»

«ይቅርታ አባባ» አለና ሳቁን ዋጠ። «ምን ሆነች?»

«ወይ ትፈሳለች ወይ ትበጠሳለች።»

«መቼ ጀመራት?»

«በራሷ ነው» አልኩ። ሐኪም ቤትም እንደዚሁ ነው የምለው።

ቦቢኗን አውጥቶ አየ፣ ራሱ መልሶ አስገባት፣ ክሩን በሞላዋ ሥር አሳለፈ፤ ከዚያ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ጀልባዋን አንጠለጠላት። አልወረደችም። እጁን ነቅነቅ ሲያደርግ ትንሽ ዝቅ አለችና ቆመች። «ይኸውልዎ፣ እንዲህ ስትሆን ጥሩ ናት ማለት ነው። እኔ የክቡን በዚህ ነው የምለካው፣ የርስዎም ያው ነው መቼም። ሞላዋ ግን አርጅታለች። አዲስ ደግሞ የትም አያገኙላትም።»

እኔ የሰማሁት «ጥሩ ናት» የሚለውን ብቻ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ጀልባዋን በክሯ እያንጠለጠልኩ ነቅነቅ አደርጋታለሁ፤ ዝቅ ትልና ትቆማለች። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ጥቂት አይታኝ ቦርሳዋን ወደ ወዲያኛው ጎኗ አዞረች። ጠንቋይ መስያት ይሆናል። ከሚኒባሱ ወርጄ ባጃጅ ውስጥ ስገባም እንዲሁ። ሰላም የወረደልኝ መሰለኝ።

ቤት ስደርስ ቦቢኗ ላይ የነበረውን ቀይ ክር አውጥቼ ነጭ ጠቀለልኩባት፤ የክርስትና ልብስ በቀይ አይሰፋም። አስተኛኋት። ረገጥኩ። የበግ ለምድ።

እውነቴን ነው፣ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ሳሪስ ላይ ደኅና የነበረች አቃቂ ስትደርስ የምትታመመው ለምንድን ነው? አየሩ ነው? ባጃጁ ነው የነቀነቃት? ወይስ እኔ ነኝ? ይህን የመጨረሻውን ቶሎ ከሐሳቤ አወጣሁት፤ ከሱ ባጃጁ ይሻላል።

በዚህ መሀል ልጄ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ ቆንጆ አድርጋ ሰፋችው አይደል? አሳየኝ እስቲ፣ ፎቶ አንሣና ላክልኝ።»

«ምኑን?»

«ልብሱን ነዋ! እጅጌው ብቻ ነው የቀረው ብላናለች እኮ። የባሌ እናት እዚህ ነበሩ፣ ለሳቸውም ነገረቻቸው። ‹በሉ እንግዲህ፣ እንኳን ደረሰላችሁ› ብለው የገዙትን ልብስ ወደ ቦርሳቸው መለሱት።»

«ካሜራው ተበላሽቷል» አልኩ።

«አሁን የምትታየኝ በካሜራው እኮ ነው አባዬ።»

የደወለችው በምስል መሆኑን ረስቼው ነበር። ከኋላዬ ጋቢ የተከናነበ ነገር ይታይ ኖሯል። «እንግዳ አለ እንዴ?» አለችኝ። «አያትሽ ናት» አልኳትና ዘጋሁት።

ስልኩን አስቀምጬ የጨርቁን ትሪ ገለጥኩ። እጅጌው ብቻ የቀረው ልብስ አንድ መርፌ አልነካውም። ፊቱ ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ሁለት እጅጌ፣ አንዷም ከመዳፌ የማትበልጥ፤ እንደ ሻሽ ተጣጥፈው ተኝተዋል። ሴትዮዬ ውሸት አትችልም። ሽንኩርት የገዛችበትን እንኳ አሳንሳ መናገር አትችልም። ይህን ያለችው መኪናዋን አምና ነው፤ እሷን ደግሞ ፈታትቼ ያበላሸኋት እኔ ነኝ።

ያን ማታም «ዘይቱ ገና አልሰረገም» ብዬ አሳደርኳት። በማግስቱ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ባለቤቴ ከወትሮዋ ቀደም ብላ መጣች። ቡና እንኳ ሳትጠይቅ ጋቢውን ገፈፈችው። ካኒቴራዬ መርፌው ሥር ነበር፣ ከነለምዱ። ይዛ ወደ መስኮቱ ቀረብ አለችና ቀለበቶቹን በጣቷ ነካካች።

«ምን አደረግካት?»

«ዘይት ጠብ አደረግኩባት።»

«ሌላስ?»

«ጠረግኳት።»

«ምኗን ነው የጠረግከው?»

ነገርኳት። መክደኛውን፣ ብናኙን፣ የመርፌዋን ስባሪ፣ ነጭ ጋዙን። ስናገር ድምፄ እየደመቀ ሄደ፤ ሥራዬን ስተርክ እንደዚያ ነኝ፣ እየተከሰስኩም ቢሆን። «ሞላዋ ሥር ደግሞ አንድ ቡናማ ሙጫ ተጣብቆ አገኘሁና በመርፌ ፈልፍዬ…»

«ምን ዓይነት ቡናማ?»

«ሰም ነገር። ክር ያለበት።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «የት አደረግከው?»

ወደ መስኮቱ ጠቆምኩ።

«ጧፌ እኮ ነው!» አለች። «የፋሲካ ጧፍ! እናቴ ናት ያስቀመጠችው። ሲያልቅ በዓመቱ ከፋሲካ ሌሊት ጧፍ ቁራጭ አምጥቼ እተካዋለሁ። አንተ ሰውዬ፣ በረከቷን በመርፌ ፈልፍለህ በመስኮት ጣልከው!»

«በረከት አይደለማ» አልኩ። ዝም ማለት ስችል። «ሞላዋ አርጅታለች፣ ሰሙና ክሩ ናቸው ክሩን ሲይዙላት የኖሩት። መደገፊያ ነው። እናትሽ ብልኅ ሴት ናት፣ መካኒክ ናት!»

«እናቴ መካኒክ አይደለችም! ለበረከት ነው ያለችኝ!»

«ታዲያ ለምን ሞላው ሥር? ለበረከት ከሆነ ላዩዋ ላይ አይለጠፍም?»

ይህን ጠይቃ አታውቅም ኖሯል። እኔም መልሱን አላውቅም ነበር፤ ስናገር ነው የፈጠርኩት። ሁለታችንም ጥቁሯን መኪና አየናት፤ ከሁለታችን አንደኛችንን እንድትመርጥ የምንጠብቅ ይመስል።

ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ጀርባ የዘንድሮውን የጧፍ ቁራጭ አወጣች። እንዲለሰልስ መዳፏ ውስጥ አድርጋ ታሸው ጀመር። ጣቶቿ እያመሟት እንደሆነ ከአገጯ ይታወቃል። ልርዳሽ አላልኳትም፤ እጄ በዚያ ቀን ለርዳታ የሚቀርብ እጅ አልነበረም። ሥራ ፈትቶ እንዳይታይ ብዬ ጀልባዋን አወጣሁና ቦቢኗን ሳብ አደረግኳት። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ፋብሪካ ውስጥ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የሚተኛው፣ ማግ የተጠቀለለበት ቀሰም የሚገባበት ወገን አንድ ነው፤ እጄ ዕድሜ ልኩን ከዚያ ሌላ አያውቅም። ቦቢኗንም ሳላስበው በዚያው ልማድ ነበር የማስተኛት። የሳሪሱ ልብስ ሰፊ በየትኛው ወገን ነበር ያስገባት? ለማስታወስ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ የታየኝ ሳቁን ሲውጥ ብቻ ነው። ምን ይሆናል ብዬ ቦቢኗን ገለበጥኳት፤ ክሩ በሌላ ወገን እንዲተረተር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ለአንድ ከሰዓት የሚበቃ ነገር ተነጋግረናል።

«አምጣ» አለች። ጀልባዋን ከእጄ ወስዳ፣ የለሰለሰችውን ጧፍ በመርፌ ጫፍ ከሞላዋ ሥር አስገባች፣ በከንፈሯ አንድ ነገር አለች፣ ከተተቻት፣ ከደነች። ካኒቴራዬን አንሥታ ወርውራ በምትኩ ከነጩ ጨርቅ የተረፈ ቁራጭ አስገባች። ረገጠች።

ስፌቱ ወጣ። ቀጥ ያለ፣ ትንንሽ፣ ከላይም ከታችም አንድ። እንደ ጤፍ ፍሬ የተደረደረ።

«አየህ?» አለች።

«አየሁ! ቦቢኗን ገልብጬ አስተኝቻት ነው!»

እግሯን አቆመች። «ምን አደረግክ?»

«ገለበጥኳት። አንቺ ጧፉን ስታሺ። እስከ አሁን በግራ ነበር የማስተኛት፣ ችግሩ እሱ ነበር።»

«ጧፉ ነው እንጂ!»

«ቦቢኗ ናት!»

«ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ሠርታለች።»

ይህን ስትል ነው የገባኝ። ሁለት ነገር። አንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነክተናል፤ ያውም በሁለት እጅ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቆ። ሾርባ እየጠጡ ሲስቁብኝ የነበሩት ልጆች ቢያዩኝ ማንኪያቸውን ጥለው ይንከባለሉ ነበር። «ቆይ» አልኩ፣ ካቻቢቴዬን አንሥቼ፤ «አንዴ ብቻ ጧፉን እናውጣና እንየው። ያለ ጧፍ ከሠራች ቦቢኗ ናት ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

መቀሱን አነሣች። «እጅህ ወደዚች መኪና ቢመጣ ከእጅጌው ጋር ነው የምሰፋህ።»

«ማወቅ እኮ ነው የፈለግኩት።»

«አንተ እስክታውቅ ልጅቷ ራቁቷን ልትጠመቅ ነው።»

«ድሮስ ሰው የሚጠመቀው ራቁቱን አይደል?»

ሳቀች። ፈገግ አላለችም፤ ሳቀች፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ጀርባውን ከፊቱ ጋር ገጥማ መርገጥ ጀመረች። እኔ ወዲያኛው ጫፍ ቆሜ ጨርቁ እንዳይጎተት ያዝኩላት። ኮንቴይነር የጫነው መኪና ሲያልፍ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ስፌቱ ምንም አልሆነም። ብርሃን ከመስኮቱ ሳይወጣ ሁለተኛው እጅጌ ተገጠመ። «አሁን» አለች ጀርባዋን እያቃናች፣ «ውሸት አልተናገርኩም ማለት ነው። ትንሽ ቀደም አልኩ እንጂ።»

እሑድ ጧት ሕፃኗ ጠበሉ ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሞላችው። ቄሱ ሜሮን ቀብተው፣ ማተቡን አንገቷ ላይ አስረው ሲጨርሱ ክርስትና እናቷ ተቀብላ ነጩን ልብስ አለበሰቻት። ልኳ ነበር። ያኛዋ አያት የመርካቶውን ልብስ በፌስታል ብብቷ ሥር ይዛ ቆማለች፤ ጠብ አልፈለገችም፣ ጥንቃቄ ነው። ጠጋ ብላ የእጅጌውን ጠርዝ በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው።

«ልቅም ያለ ነው!» አለች። «በእጅሽ ነው የሰፋሽው?»

«በእግሬ» አለች ባለቤቴ።

ሁለቱም ሳቁ። ያኛዋ አያት ፌስታሉን ወደ ቦርሳዋ ጨመረችው፤ በኋላ፣ ልጅቷ ለቅሶዋን ጨርሳ ልብሱን ስታረጥበው፣ መቀየሪያ ሆነና እሱም ቦታ አገኘ። ያን ጊዜ ባለቤቴ የወለቀውን ነጭ ልብስ ሰጠችኝ፤ «ያዝ፣ እንዳታቆሽሸው» ብላ። ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሲባባል እኔ ምሰሶው ጥግ ሄጄ ልብሱን ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። ጀርባው ጥሩ ነው። አንገቱ ጥሩ ነው። ግራ እጅጌው ላይ ግን፣ ብብቱ ሥር፣ ሦስት ትንንሽ ቀለበቶች አሉ። ሦስት ብቻ። ከዚያ ወዲያ ስፌቱ እንደገና ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ጧፉ ከሆነ ለምን እዚያ ላይ ለቀቀ? ቦቢኗ ከሆነች ለምን መልሳ ተስተካከለች? ኮንቴይነሩ ነው? ሳቋ ነው? ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የልጅ ብብት ታያለህ?» አለችኝ። ቀለበቶቹን አሳየኋት። ልብሱን ተቀብላ አየችና «እሷ ቦታ ላይ ነው ያስነጠስከው» አለች። ማስነጠሴን አላስታውስም። ግን አለማስነጠሴንም አላስታውስም።

ማታውን ደክሟት አረፍ ብላለች። እኔ መኪናዋ ፊት ተቀምጫለሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። መክደኛዋ ትንሽ ብቻ ሳብ ብትል ጀልባዋ ትታያለች። ጧፉን አውጥቶ አንድ ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ መመለስ። ሌላ ነገር ሳልነካ። የሚቀጥለው ልጅ እስኪወለድ ብዙ ጊዜ አለ። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«እጅህ የት ነው?»

«ኪሴ ውስጥ።»

አልጋው ተንቋቋ።

«ካቻቢቴውስ?»

«እሱም» አልኩ።